የሙሽራ ውሃ ማሰሮ

ወረታ መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው፣ ረዳቱ የእትዬ ሸሪፋን ማሰሮ ተቀብሎ ከላይ ሊጭነው እጁን ዘረጋ። እትዬ ሸሪፋ ግን ማሰሮውን ይበልጥ ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«እማማ፣ እግር ማስገቢያ እኮ የለም። ባዶ ማሰሮ ታቅፈው እስከ ባሕር ዳር ሊዘልቁ ነው?»

«ባዶ አይደለም።»

ረዳቱ የማሰሮውን አፍ የሸፈነውን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ አንገቱን አስግጎ አየ። ከታች ደርቆ ከተጋገረ ነጭ ቅርፊት በቀር ጠብታ የለበትም። ወደ ሾፌሩ ዞረና፣ «አየር ጭነናል፤ እንዳይፈስ ቀስ ብለህ ንዳ» አለው። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እትዬ ሸሪፋም ፈገግ አሉ፤ ማሰሮውን ግን አልሰጡም።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ፀሐይወርቅ ትባላለች። ናዝሬት ተወልዳ ያደገች፣ ሥራ ባሕር ዳር አምጥቷት እዚያው የቀረች፣ ከአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሴት ናት። የባልደረባዋ እናት ሞተውባት ወረታ ለቅሶ ደርሳ መመለሷ ነበር። ፀሐይወርቅ ከሰው ጎን ተቀምጣ ዝም ማለት አይሆንላትም። ያ ማሰሮ ደግሞ ሽታ አለው። መጥፎ አይደለም፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ከሥሩ የበሰለ ዘይቱን ዘይቱን የሚል። እንደምንም ብላ እስከ ዘንዘልማ ታገሠች።

ዘንዘልማ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ከተሳፋሪው ግማሹ እየተነጫነጨ ባጃጅ ፍለጋ ሄደ፤ ግማሹ ጣሪያ ካልለበሰ አዲስ ቤት ግድግዳ ጥላ ተጠጋ። ከግድግዳው ወዲያ ገና ያልታጨደ ጤፍ አለ። እትዬ ሸሪፋ ብሎኬት ክምር ላይ ማሰሮአቸውን ታቅፈው ቁጭ አሉ፤ ፀሐይወርቅም ተከትላ ጎናቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ሽታ የምንድን ነው? ከተሳፈርን ጀምሮ ሳስበው አቃተኝ።»

«የሙሽራ ውሃ ነው።»

«የሙሽራ ውሃ ደግሞ ምንድን ነው?»

እትዬ ሸሪፋ ወደ ሚኒባሱ አዩ። ረዳቱ ክሪክ ልመና አላፊ መኪና እያስቆመ ነው። «እንግዲህ ጊዜ ተሰጥቶናል» አሉ።

እትዬ ሸሪፋ የወረታ ልጅ ናቸው። አባታቸው ሙሀመድሰዒድ የፎገራ ሩዝ ነጋዴ ነበሩ፤ ቤታቸው ከጓዳ እስከ በረንዳ ጆንያ በጆንያ ነው። በዚያ ቤት ሩዝ የታጠበበት ውሃ አይደፋም። የመጀመሪያው እጣቢ አፈሩን ይዞ ይሂድ፤ ሁለተኛው ግን ማሰሮ ውስጥ ይጠራቀማል። ትንሽ አጓት ጠብ ይደረግበታል፤ የተወቀጠ የቁርቁራ ቅጠልና ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል። ከዚያ እጅጌ ይሰበሰብና፣ ንጹሕ እጅ እስከ ክንድ ገብቶ ያማስለዋል። ውሎ ሲያድር አረፋ ይሰበስባል። መጀመሪያ እንደ ሆምጣጤ ይቆጣል፤ ሰነባብቶ ይበርዳል፤ የበሰለ ዘይቱን የሸተተ ለት ደርሷል። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ሳምንቱን ሙሉ ፊቷን፣ አንገቷን፣ ክንዷን በዚያ ውሃ ትታሻለች። ፀሐይ ያከሰለው ቆዳ ይፈካል፣ ሻካራው ይለሰልሳል። እትዬ ሸሪፋ ሙያውን ከእናታቸው ወረሱ፤ ባሕር ዳር ሲዳሩም ከዕቃቸው መሐል እርሾውን የያዘች አንዲት ቅል አብራ ተዳረች።

«ዋናው ከታች የሚቀረው ዝቃጭ ነው» አሉ። «እናቲቱ እንላታለን። ውሃው ያልቃል፣ እናቲቱ አታልቅም። አዲስ የሩዝ ውሃ ስታጠጫት ትነሣለች።»

«ታዲያ ማሰሮው አይታጠብም?»

«ታጠበ ማለት ቤቷ ፈረሰባት ማለት ነዋ።»

ሕግም አለው። እርሾ ለጠየቀ ጎረቤት አይነፈግም፤ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ መልሺልኝ አይባልም። የኔ ቢሞት ያንቺ ይኖራል፣ ያንቺ ቢሞት ከኔ ትወስጃለሽ ነው ነገሩ። በዚህ ሕግ ከእትዬ ሸሪፋ አጥር ወዲያ ያሉት ወለተ ሚካኤል እርሾ ወስደው በቅላቸው ያኖሩ ነበር። ክንዳቸውን የሚያሳክካቸው ነገር ነበረና በሙሽራ ውሃ ይታሹበታል። እየታሹም፣ «ሸሪፋ፣ ይኸው ዓመት ዓመት እታሻለሁ፤ ሙሽራው ቀረ እኮ» ይላሉ። እትዬ ሸሪፋም፣ «ሰምቶ ይሆናል ባሕርይሽን» ይሏቸዋል።

እትዬ ሸሪፋ አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ሱምያ። ኮሌጅ ገብታ ባዮሎጂ ተማረች። አንድ ቀን መጥታ ማሰሮው አጠገብ በርከክ አለችና፣ «እማ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ሕይወት አለ» አለቻቸው።

«ሕይወት ባይኖርማ ማን ያስነሣዋል? ይህን እንድትነግሪኝ ነው ኮሌጅ የላክሁሽ?»

«ስሚኝ እንጂ። በዓይን የማይታዩ ረቂቆች ናቸው። ግማሾቹ ከሩዙና ከአጓቱ ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ግን ከእጃችን ነው የሚገቡ። ቆዳችን ላይ ይኖራሉ። በእጅሽ ስታማስዪው ካንቺ ወደ ውሃው ይሻገራሉ። ያንቺ ውሃና የአክስቴ ውሃ ሽታው አንድ ያልሆነው ለዚህ ነው።»

እትዬ ሸሪፋ ረቂቅ የሚለው ቃል አልጣማቸውም፤ «ትንንሾቹ» አሏቸው፤ ስማቸው ያው ሆኖ ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ የማማሰሉ ሥራ የሱምያ ሆነ። እሷም በትንንሽ ጠርሙስ እየሞላች ለመሥሪያ ቤት ሴቶች ታደርስ ጀመር። በመጀመሪያው በጋ አንዱ ጠርሙስ ባጃጅ ውስጥ ሙቀት መታውና ክዳኑ ጧ ብሎ ተስፈነጠረ። ሾፌሩ ባጃጁን ለአላህ ትቶ ቦይ ውስጥ ተኛ።

«ተነሥ፣ የፊት ቅባት ነው ትለዋለች፤ አይነሣም» አሉ እትዬ ሸሪፋ፣ እየሳቁ። ፀሐይወርቅም ሳቀች። «በኋላ ክዳኑን መተንፈሻ አበጀችለት። አንድ ሱቅ ያለው ሰው፣ አፍልተሽ መድኃኒት ብትጨምሪበት ዓመት ይቀመጣል ብሏት ነበር። ‹ገድዬ ጠርሙስ ውስጥ ልቅበራቸው?› አለችው።»

ሱምያ እህል ነጋዴውን ሙሐዲንን አገባች፤ ሩቅያን ወለደች። ማሰሮውን በአንድ እጇ ስታማስል ሩቅያ በሌላው ክንዷ ላይ ነበረች። ለዚያች ልጅ የእናትና የማሰሮው ሽታ አልተለየም።

እትዬ ሸሪፋ እዚህ ላይ ሲደርሱ የማሰሮውን ጨርቅ አስተካከሉ።

«ሁለተኛውን ስትወልድ ደም አልቆም አለ። እሷም ሕፃኑም አልተረፉም።»

ፀሐይወርቅ፣ «ውይ፣ እማማ» ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«ጀናዛዋን ያጠብሁት እኔ ነኝ፣ ከሴቶች ጋር። በውሃው ውስጥ የቁርቁራ ቅጠል ይገባል፤ የኛ ደንብ ነው። ቅጠሉን አምጥተው ፊቴ አኖሩት። ወቅጪ ያለኝ የለም፤ እጄ ለምዶበት ዘነዘናውን አነሣ። ስወቅጥ ስወቅጥ እጄ ሠርግ መሰለው። አረፋውን ሳይ፣ ‹በቃ ደርሷል፣ ሙሽራይቱን አምጧት› አልሁ።»

ከቀብሩ በኋላ አንድ ጧት ማሰሮውን ቢከፍቱት፣ የልጃቸው መዳፍ ሸተታቸው። ሱምያ ያለቻቸው ነገር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው፤ ከእጃችን ነው የሚገቡ። እጇ አፈር ገብቷል፤ እጇ ላይ ይኖሩ የነበሩት ግን ይኸው፣ እዚህ፣ አረፋ ያወጣሉ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ሸሪፋ እጃቸውን ማሰሮ ውስጥ አላገቡም። የሳቸው እጅ የልጃቸውን እንዳያጠፋው፣ በእንጨት ማማሰያ ያማስሉ ጀመር። ሙሽራ መቀበልም ተዉ። ሌላም አደረጉ፣ በሰፈሩ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር። እርሾ የሰጧቸውን ጎረቤቶች በር እያንኳኩ መልሱልኝ አሉ። የባዕድ እጅ ገብቶባት ሱምያ የትም እንዳትበተን፣ የቀረችውን ያህል አንድ ቤት ትሰብሰብ ብለው ነው።

ወለተ ሚካኤል በራቸው ላይ ቆመው ሰሟቸው። «እርሾ መልሺ ተብሎ ያውቃል፣ ሸሪፋ?»

«አያውቅም።»

ወለተ ሚካኤል ገብተው ቅላቸውን ይዘው ወጡና፣ ውስጡን በጣታቸው ሙልጭ አድርገው ጠርገው ገለበጡላቸው።

«ትንሽ ብታስቀር ምን ነበረበት» አሉ እትዬ ሸሪፋ። «እንዲያው ከጠርዙ ትንሽ። ሰው ታማኝ ሲሆን እንዲህ ይጎዳል ብዬ አላውቅም ነበር።»

ማሰሮው እየደከመ ሄደ። ትንንሾቹ በስንት ሰው እጅ ሲኖሩ ኖረው፣ አሁን የሚነካቸው ደረቅ እንጨት ብቻ ሆነ። አረፋው ሳሳ። እትዬ ሸሪፋ ምን እንደ ሆነ አልጠፋቸውም። እጃቸውን ቢያስገቡ ይድናል፤ የሳቸው ሆኖ ይድናል። ባያስገቡ የሱምያ እንደ ሆነ ይሞታል። ይህን እያወቁ ወራት በማማሰያ አማሰሉ።

ሙሐዲን ንግዱን ወደ ወረታ አዙሮ ስለነበር ሩቅያ አያቷ ዘንድ ነው ያደገችው። እንቅልፏ ሲመጣ ወደ አልጋ አትሄድም፤ ማሰሮው ሆድ ላይ ጉንጯን ትለጥፋለች። እትዬ ሸሪፋ ከውሃው ጨርቅ ነክረው ክንዷን ሲያብሱላት ታንቀላፋለች።

ሙሐዲን አንድ ቀን መጥቶ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እማ፣ ላገባ ነው» አለ። «ደግ አደረግህ፤ ሰው ብቻውን አይኖርም» አሉት። «ሩቅያንም እወስዳታለሁ» አለ። ይህንንም ያውቁት ነበር፤ ልጅ የአባቷ ናት። ቢሆንም የቀረበለትን ምሳ ማንሣት ረሱና ትሪው እስኪመሽ እዚያው ቆየ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምትገባዋ ሙሽራ ራሷ ብቻዋን ከወረታ መጣች። ሰዓዳ ትባላለች። ሩቅያ ስታያት ከማሰሮው ጀርባ ተደበቀች።

«እማ፣ የዚህ ሰፈር ሙሽራ ሁሉ ከእርስዎ እጅ ነው የሚወጣ ይላሉ» አለች ሰዓዳ፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ። «እኔ ግን ለመልክ አይደለም የመጣሁ። ይህች ልጅ ትሸሸኛለች። አባቷ ወረታ ሲያመጣት ሳቅፋት፣ ታሸተኝና ትወርዳለች። እናቷ በምን ትታሽ እንደ ነበር ነገሩኝ።»

«ምን አሏት?» አለች ፀሐይወርቅ።

«ሂጂ አልኋት።»

«ዝም ብለው ሂጂ?»

«ከልቤ ነው ያልኋት። የልጄን ሽታ ተቀብታ የልጄ አልጋ ላይ ልትተኛ? ሂጂ አልኋት፤ እሷም መልስ አልመለሰችልኝም፣ ሄደች። ብትመልስልኝ ይሻል ነበር።»

ሰዓዳ በሄደች በሳምንቱ ገደማ ሩቅያ እንቅልፏ መጥቶ እንደ ልማዷ ጉንጯን ማሰሮው ላይ አሳረፈች። ጥቂት ቆይታ ቀና አለች። ክዳኑን አንሥታ አሸተተች። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረችና፣ «እማማ፣ እዚህ የለችም» አለች። አላለቀሰችም። ሄዳ ግድግዳው ሥር ተጋደመች።

እትዬ ሸሪፋ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ዘይቱኑ የለም። ሱምያም የለችም፤ ኮምጣጣ ውሃ ብቻ ነው። እጅጌአቸውን ሰበሰቡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ እስከ ክንዳቸው አስገቡት።

«ቀዝቃዛ ነበር» አሉ። «ታውቂያለሽ፣ ደኅና ማሰሮ ለብ ይላል። በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ‹ይቅር በዪኝ› እያልሁ አማሰልሁት።»

ማሰሮው በአንድ ጊዜ አልተነሣም። እጅ ገብቶበት፣ አዲስ የሩዝ ውሃ እየጠጣ፣ ሰነባብቶ ከዳር ከዳር አረፋ ያዘ። ሽታውም ተመለሰ፤ ግን የድሮው አልነበረም። ግማሹ የልጃቸው፣ ግማሹ የራሳቸው ነበር። እትዬ ሸሪፋ ማሰሮውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ የሩቅያን እጅ ይዘው፣ ወረታ ወረዱ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰዓዳን አሿት። ሙሽራይቱ የገበያ ልጅ ናት፤ አንገቷን ፀሐይ በልቶታል፣ መዳፏን ጆንያ አሻክሮታል። ሴቶቹ ጓዳ ሆነው ሒና እየበጠበጡ ያንሾካሹካሉ። አንዷ እንዲሰሙ አድርጋ፣ «የልጇን ቦታ አሳምራ ታስረክባለች» አለች።

«ቦታማ አላሳምርም» አሉ እትዬ ሸሪፋ፣ ቀና ሳይሉ። «የልጄን ልጅ የሚያሳድግ እጅ ነው የማሳምር። አንቺ ሒናሽን በጥብጪ፣ ቀጠነብሽ።»

በመጨረሻው ቀን ውሃው እንደ ደጉ ዘመን ተነሣ። ሰዓዳ ክንዷን ገልጣ ተቀምጣለች፤ እትዬ ሸሪፋ ፊት ለፊቷ ተንበርክከው ያሿታል። ሩቅያ በሩ ላይ ብቅ አለች። አፍንጫዋን ነፋ አደረገች፤ አንድ እርምጃ ገባች። እትዬ ሸሪፋ እርጥብ እጃቸውን ዘረጉላት። ያው ውሃ በሳቸውም እጅ ላይ አለና ወደሳቸው የምትመጣ መስሏቸው ነበር። ሩቅያ በተዘረጋው እጅ ሥር አልፋ ሄደችና ጉንጯን ሰዓዳ ክንድ ላይ አሳረፈች። ሰዓዳ ለመተንፈስ እንኳ ፈራች። እትዬ ሸሪፋ እጃቸው እንደ ተዘረጋ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወደ ማሰሮው መለሱት።

ፀሐይወርቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ደስ አለዎት ወይስ…»

«ደስ አለኝ ብልሽ ውሸት ነው። ከፋኝ ብልሽም ውሸት ነው። እንቅልፍ ወሰዳት፤ ያን አየሁ።»

ሠርጉ ሲያልቅ እትዬ ሸሪፋ እናቲቱን ከማሰሮው ሥር ጠርገው በሰዓዳ ማሰሮ ገለበጡላት፤ ለሳቸው የቀረው ከሥሩ ደርቆ የተጋገረው ብቻ ነው። ሽታው ልጅቱ ካለችበት ቤት መኖር አለበት። «በእንጨት አታማስዪ» አሏት። «እጅሽን አስገቢ፤ አትፍሪ።»

ሰዓዳ፣ «የኔ እጅ ከገባ የሷ አይጠፋም ወይ፣ እማ?» አለቻቸው።

«ይጠፋል። ቀስ እያለ ይጠፋል» አሏት።

ረዳቱ ጎማውን አጥብቆ ጨርሶ እጁን በሱሪው ይጠርጋል። «እማማ አየር፣ እንሂድ» አላቸው። እትዬ ሸሪፋ ሳይቆጡ ተነሡ።

ፀሐይወርቅ መኪናው ውስጥም አላስቻላትም። «ለምን ለሁለት አልከፈሉትም? ለእርስዎም ትንሽ ቢያስቀሩ።»

«ደካማ ነበረች፤ ገና ከሞት መመለሷ ነው። ብትከፈል ሁለቱም ይሞታሉ። ጎረቤቶቼ ዘንድ ትቻት ቢሆን ኖሮ ሄጄ አመጣ ነበር፤ ያንን ደግሞ በእጄ ዘጋሁት።»

«ሰዓዳ ዘንድ ሲጠነክር ይጠይቋታላ።»

«አንዴ ጠየቅሁ፣ ልጄ። መጠየቅ ያመጣብኝን አየሁ። እሷ አስባ ካመጣችልኝ እቀበላለሁ።»

ባሕር ዳር መናኸሪያ ሲደርሱ ቀኑ መሽት ብሏል፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሥቷል። ፀሐይወርቅ ባጃጅ ጠራችላቸው፣ ማሰሮውን ደግፋ አሳፈረቻቸው። ሰው በባዶ ቃል መሸኘት አይሆንላትምና የሚያጽናና ነገር ፈልጋ፣ «ደኅና ማሰሮ ነው እኮ፣ እማማ። አጥበው ለሌላ ነገር ያውሉታል» አለች።

እትዬ ሸሪፋ ጨርቁን በማሰሮው አፍ ላይ ጠበቅ አደረጉ።

«አይ ልጄ» አሉ፤ «ካጠብሁትማ ባዶ ይሆናል።»